«ልጅሽ ምን አለ?»

የሙዚቃዊ ተውኔታችንን ልምምድ ከጀመርን ሁለተኛ ሳምንታችን ነበር። አዳራሹን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማታ ማታ ካፖርታቸውን ደርበው መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጡና እስክንጨርስ ይጠብቁናል። አስተያየት ሰጥተው አያውቁም። የዚያን ዕለት ዋናዋ ተዋናያችን የእናትየዋን ትልቁን ዜማ ልትሞክር መድረኩ መሀል ቆመች። ቃሉ ሁለት ብቻ ነው፤ «ልጄ አለ»። ዜማው የእኔ ነው። «አ» ላይ ሲደርስ ከፍ ብሎ አራት ምት ይቆያል። ከዚያ «ለ» ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል። ስምንት ወር የደከምኩበት ዜማ ነው። ልጅቷም አሳምራ ዘፈነችው። ስትጨርስ ማንም አልተናገረም። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ጋሼ ከኋላ፣ «ምን አለ?» አሉ።

«አቤት ጋሼ?»

«ልጅሽ። ልጅሽ ምን አለ?»

ተዋናይዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ። እናትየዋ ማለት የፈለገችው ልጄ በሕይወት አለ ነው። «አለ» ጠብቆ። ገድለውባታል፣ እሷ ግን አልሞተም እያለች ነው። የእኔ ዜማ «አ»ን ሲያስረዝመው «ለ» ላላ። ሲላላ ደግሞ ልጁ አንድ ነገር ተናገረ ማለት ሆነ። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ልጁ የተናገረውን ለመስማት ከልባቸው እየጠበቁ ነበር።

ሥራው ባለፈው ግንቦት ለአምስት ምሽት ታየ። የሃምሳ አምስት ደቂቃ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ብዙ ሰው እንዴት እንደተሠራ ስለጠየቀኝ ይኸው ልጻፈው። ግን ከእማማ ካልጀመርኩ አይሆንም።

እማማ የእናቴ እናት ናት። የመንዝ ሰው ናት፣ የመሐል ሜዳ አካባቢ። በአገሯ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ለማያውቅ ሰው፣ ሙሾ አውራጅ ማለት ለቅሶ ቤት መሀል ቆማ የሟቹን ነገር በግጥም የምታወርድ ናት። ማን እንደነበር፣ ምን እንደወደደ፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ። ሌላው ለቀስተኛ እሷን እየተቀበለ ደረቱን ይመታል። ከሦስት አራት ቀበሌ ማዶ ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክላት ነበር ይባላል። በኋላ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ መጣች። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ ጥጥ እየፈተለች አሳደገቻቸው።

በ1970 ዓ.ም. የመጨረሻው ልጇ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ አንድ ማታ ወጥቶ አልተመለሰም። የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ ማልቀስ አይፈቀድለትም ነበር። ድንኳን አይተከልም። ጎረቤት ተሰብስቦ አይቀመጥም። ለገደሉበት ጥይት ዋጋ ክፈል የተባለ አባት ነበር። ስለዚህ እማማ ለሰው ሁሉ አልቅሳ ለልጇ ሳታለቅስ ቀረች። ነጠላዋን እንኳ አልዘቀዘቀችም፤ የዘቀዘቀችውን አይተው የሚጠይቁ ነበሩ።

እኔ ያኔ የአንድ ዓመት ልጅ ነኝ። እናቴ ሥራ ስትውል እማማ ታዝለኛለች። ስታዝለኝ እሹሩሩ ትለኛለች። እናቴ እንደምትነግረኝ የዚያን ዓመት እሹሩሩ ረጅም ነበር፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ። አብዮት ጠባቂው በደጅ ሲያልፍ የሚሰማው አንዲት አሮጊት ሕፃን ስታስተኛ ነው። እናቴ ግን ግጥሙን ሰምታዋለች። እሹሩሩ አልነበረም። ሙሾ ነበር። በእሹሩሩ ዜማ ለእኔ እየነገረች ለእሱ ታለቅሳለች።

ይህን ያወቅሁት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። 1984 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ከወደቀ ዓመት አልሞላውም። እዚህም እዚያም አፅም እየተቆፈረ ይወጣ ነበር፤ ሰዉ ልጁን በጫማው፣ በቀበቶው እየለየ ይቀብር ነበር። የእኛ አልተገኘም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ጠራችኝና «ያን ቴፕሽን አምጪው» አለችኝ። የዘፈን ካሴቴ ላይ እንዲቀዳ ፈቀድኩ። ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን ገለበጠች፣ ሠላሳ አንድ ደቂቃ አለቀሰች። አሥራ አራት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነው። እኔ ማጫወቻውን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀዳሁት። ካሴቱ ዛሬም አለ። በየመሀሉ የእኔ የጉንፋን ሳል ይሰማል።

ከትምህርት ስወጣ ሙዚቃ ያዝኩ፣ ፒያኖ አስተማሪ ሆንኩ። ካሴቱን ወደ መድረክ ላመጣው የምፈልግ መሆኔን ለራሴ ለመንገር ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። በ2014 ክረምት ጀመርኩት።

መነሻው ሐሳብ ቀላል ነው። በዘፈን የሚካሄድ ተውኔት ልጻፍ፤ ግን ዋናዋ ሰው መዝፈን የተከለከለች ትሁን። ሌሎቹ ሁሉ ይዘፍናሉ። ጎረቤት ይዘፍናል፣ ቆሎ ሻጯ ትዘፍናለች፣ ሬዲዮው ይዘፍናል። እሷ እሹሩሩ ብቻ ነው የተፈቀደላት። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ብቻ፣ 1984 ላይ ስንደርስ፣ አፏን ትከፍታለች። ይህን አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ለአንድ ገጣሚ ወዳጄ ሰጠሁት። በነገታው የመጀመሪያውን እሹሩሩ ላከልኝ።

ማታ የወጣ ልጅ እንቅልፍ ወስዶት ቀረ
እራቱ ቀዝቅዞ ምድጃ ዳር አደረ

ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ለአብዮት ጠባቂው ይህ የሕፃን ማባበያ ነው። ለእናትየዋ ሌላ ነው። ሰሙም ወርቁም አለ። ሥራው እንደሚሆን ያመንኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ግን ተበላሸ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከፒያኖ ጋር ቫዮሊኖችና ቼሎ አሰባሰብኩ። ለእናትየዋ ትልልቅ፣ ረጃጅም ዜማ ጻፍኩላት። የድምፅ ትምህርት ስማር የተነገረኝ ነገር ነበር፤ ዘፈን የሚያርፈው አናባቢው ላይ ነው፣ ተነባቢው ቶሎ ይታለፋል። አፍ ይከፈት፣ ድምፅ ይፍሰስ። ይህ ለጣሊያንኛ ደንበኛ ነገር ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ትርጉሙ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። «ገና ነው» ብላ ልጄ ለጋ ነው ስትል፣ «ና»ን ትንሽ ከረገጥሽባት የልደት በዓል ይሆናል። «ይሰማል» ላልቶ ሰውየው ይሰማል፣ ጠብቆ ድምፁ ይሰማል። ስንጽፈው አይለይም። ስንናገረው ማንም አይሳሳትም። ስንዘፍነው ይጠፋል። እኔ ይህን በሃያ ዓመት ማስተማር ውስጥ አስቤው አላውቅም። አንድ ዘበኛ በሁለት ቃል አሳዩኝ።

በነገታው ልምምዱን አቋረጥኩ። የተጻፈውን ሁሉ ሰበሰብኩ። ሰባት ሰው ነን፤ ሁሉም ፊቴን ያያል። ዋሽንት የሚነፋልን ልጅ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ብዙ አያወራም። «እኛ እኮ ዜማ ቤት ከመግባታችን በፊት ንባብ ቤት ነበርን» አለ።

«ንባብ ቤት ምን ታደርጋላችሁ?»

«እናነባለን።»

ከዚያ አስረዳን። አንዱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ያነቡታል። መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ፣ ፊደሉን እየጎተቱ። ከዚያ በውርድ ንባብ። መጨረሻ በቁም ንባብ፣ እንደሚነገረው። የኔታ ከአጠገብ ሆነው ተነሽ ነው፣ ወዳቂ ነው፣ ሰያፍ ነው፣ ተጣይ ነው እያሉ ያርማሉ። ቃሉ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ አፍ ሳይለምድ ዜማ የሚባል ነገር አይነሣም። የቅዱስ ያሬድን ትምህርት ይዞ እስከ ዛሬ የመጣ ቤት ማንም ሕፃን ሳያነብ እንዲያዜም አይፈቅድም። እኛ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ማይክ ይዘን ቆመናል።

ሦስት ሳምንት አነበብን። ዘፈን የለም። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ግጥሙን በሦስቱ ፍጥነት እናነባለን። በሚጠብቀው ፊደል ሁሉ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረግን። አንዱ ገጽ ላይ ነጥቡ ስልሳ ደረሰ። ገጣሚው መጥቶ ሲያየው «ግጥሜ ኩፍኝ ወጣበት» አለ። ከወጣቶቹ አንዷ ሁለት ቀን ታገሰችና «መቼ ነው የምንጀምረው?» አለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያችው ልጅ «ይህን ቃል እዚህ ቦታ ማዜም አይቻልም፣ ይቆረጣል» ብላ ከእኔ ጋር ተከራከረች። ልክ ነበረች። ቆረጥነው።

እቤት ደግሞ ካሴቱን እንደገና መስማት ጀመርኩ። በፊት የሰማሁት እንደ ልጅ ልጅ ነው፣ እያለቀስኩ። አሁን እንደ ሙዚቀኛ ሰማሁት። እማማ የምትጠቀመው አራት ድምፅ ብቻ ነው። ከአራቱም አብዛኛውን ጊዜ የምትመላለሰው በሁለቱ ላይ ነው። ስንኙን ቶሎ፣ ዝቅ አድርጋ፣ ለሰው እንደምትነግር ትለዋለች። እያንዳንዱ ቃል ቁልጭ ብሎ ይሰማል። መጥበቅ ያለበት ይጠብቃል፣ መላላት ያለበት ይላላል። ቤቱ ሲመታ፣ ስንኙ ሲያልቅ፣ ያኔ «እህህ» ትላለች። «ወዬ» ትላለች። ድምፁ የሚወጣው፣ የሚወርደው፣ የሚንቀጠቀጠው እዚያ ላይ ነው። ቃሉን ትናገረዋለች፤ የምታዜመው ማልቀሱን ነው። በሠላሳ አንድ ደቂቃ ውስጥ አንድም ቃል በዜማ አልተበላሸባትም። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም።

የጻፍኩትን ሁሉ እንደገና ጻፍኩት። «ልጄ አለ» አሁን እንዲህ ሆነ። «አ» አጭር ናት፣ ትነካና ታልፋለች። ምላሷ ላንቃዋ ላይ ለ«ል» ያርፋል፣ እዚያው ይቆያል። ሦስት ምት። «ል» ደግሞ ዝም ብላ የምትጮህ ፊደል ናት፣ ድምፅ አላት። አፏ ሳይከፈት የምታዜመው ያቺን ነው። ቼሎው እዚያው ድምፅ ላይ ይጠብቃታል። ከዚያ «ለ» ትለቀቃለች፣ አጭር፣ እንደ ትንፋሽ። ስንሞክረው ጋሼ ኋላ ተቀምጠዋል። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንዴታ፣ አለ እንጂ» አሉ።

የግጥሙ ሙሉ ስንኝ ይኸ ነው፦

የት ነው ለሚሉኝ ሰው ልጄ አለ እላለሁ
ጫማውን ከደጁ መቼ አነሳለሁ

ድምፅ የሌላቸው ፊደላት ሌላ ችግር ነበሩ። «ጠ» ሲጠብቅ ምን ይዘፈናል? ምንም። ዝምታ ነው። መጀመሪያ ይህን እንደ ቀዳዳ አየሁትና ልሞላው ሞከርኩ። ኋላ ተውኩት። ቀዳዳው ውስጥ ማሲንቆ ገባ። የፈረስ ጭራ አንዲት ክር ናት፤ ከሰው ጉሮሮ አጠገብ የሚደርስ መሣሪያ እሱን ነው የማውቀው። ፒያኖውን አወጣሁ። ለእኔ ከባድ ውሳኔ ነበር፤ እጄ ነው፣ እንጀራዬ ነው። ግን እማማ ከምትጠቀማቸው አራት ድምፆች ሦስተኛው በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሀል ነው የሚወድቀው። ትዝታ ግማሽ ለሚባለው ቅኝት ይቀርባል፣ ግን እሱ አይደለም። ቼሎና ማሲንቆ ያገኙታል። ፒያኖ አያገኘውም። ቫዮሊኖቹንም ሸኘሁ። ከበሮም የለንም። ለምት የተጠቀምነው የቤቱን ዕቃ ነው፤ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ሰፌድ፣ እንዝርት። ለቅሶ በተከለከለበት ቤት መውቀጥ አልተከለከለም። በሁለተኛው ትዕይንት ሦስት ሴቶች በርበሬ ሲወቅጡ የሚሰማው ምት ደረት የሚመታ ለቀስተኛ ምት ነው። ማንም ሰው አልነገረኝም፤ ግን አንዳንድ ትልልቅ ሴቶች ገና ሦስተኛው ምት ላይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ አይቻለሁ።

ዘፈንና ተውኔት ማጋባት ለእኛ አዲስ ነገር ነው ብለው የሚጽፉልኝ አሉ። አይደለም። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጀምሮ ግጥሙም ዜማውም ንግግሩም አንድ መድረክ ላይ ነበር። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሄ ንጉሤ ተውኔቱ ውስጥ መዝሙር ያስገባ ነበር። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር እሱ በግጥም፣ አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንድያን በዜማ ሠርተውታል። ኬቮርክ ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ የሙዚቃ መሪ ነበር። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ነው አዲስ አበባ የደረሱት፤ ልጆቹ ወላጆቻቸውን በአርመኖች ዕልቂት ያጡ ናቸው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በ1948 በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለዓመታት ሙዚቃ መርቷል። ሁለቱን ሰዎች ባገኛቸው ስለ መጥበቅና መላላት ብጠይቃቸው እንዴት ደስ ባለኝ። በሌላ ቋንቋ ያደገ ጆሮ ምናልባት ከእኔ በፊት ሰምቶት ይሆናል።

የማልረሳው ችግር ግን የዜማ አይደለም። የሟርት ነው።

ዋናዋ ተዋናያችን አንድ ቀን ሳትመጣ ቀረች። ስደውልላት እናቷ አነሱት። «ስሚ እህቴ» አሉኝ፣ «ልጄ እቤቴ ውስጥ ሙሾ ታወርዳለች። ማንን ልትገድልብኝ ነው?» መልስ አልነበረኝም። እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ። ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወርድም። ያለ ሞት ማልቀስ መጥራት ነው። እማማ ብትኖር እሷም ይህንኑ ነው የምትለኝ። ሄጄ እናትየዋን አነጋገርኳቸው። ቡና አፈሉልኝ። ስለ አጎቴ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ላልተለቀሰለት ከሆነ ሌላ ነው» አሉ። «ግን የሰው ስም አትጥሩ። ስም ከተጠራ ይመጣል።»

ሙሾ ያለ ስም እንዴት ይሆናል? ሙሾ ማለት ስም ነው። ካሴቱ ላይ እማማ የአጎቴን ስም ከሃምሳ ጊዜ በላይ ትጠራለች። የፈጠራ ስም ልንሰጠው አስበን ነበር፤ ያም ሆኖ በዚያ ስም የሚጠራ ልጅ ያለው ሰው አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣል። ለአንድ ሳምንት ተከራከርን። መፍትሔው ከማሲንቆው መጣ። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ላይ ተዋናይዋ ትቆማለች። አፏ ክፍት ነው፣ ድምፅ የለም። ስሙን ማሲንቆው ይለዋል። ሦስት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ለሦስቱም የተለያየ ዜማ አዘጋጀ። አንዱን የት እንዳገኘው ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም።

ስለሌላው ነገር በአጭሩ ልለፍ። ገንዘቡ ከእቁቤና ከሁለት ዘመዶቼ ነው። መድረኩ ላይ ያለው ዕቃ አንድ ምድጃ፣ አንድ የወንድ ጫማ፣ እማማ ከመንዝ ይዛው የመጣችው ባና ነው። ባናው ከበግ ፀጉር የተሠራ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ይሞቅና ይሸታል። የመጀመሪያው ረድፍ የተቀመጡ ሰዎች ደጋ ደጋ ይሸታል ብለውኛል። ደስ አለኝ። አንድ የዘጠኝ ደቂቃ ትዕይንት ከመከፈቱ አሥር ቀን በፊት ቆርጫለሁ። ካድሬው የሚዘፍንበት ነው። ጥሩ ሰልፍ ዘፈን ነበር፣ ምቱ እግር ያስነሣል። ችግሩም እሱ ነው። ሰዉ ሲወጣ የሚያንጎራጉረው ያንን ነበር የሚሆነው። እዚህ ተውኔት ውስጥ የገዳይ ዜማ ከአዳራሹ እንዲወጣ አልፈልግም። ካድሬውን የሠራው ልጅ አዘነብኝ። አሁን ይናገራል እንጂ አይዘፍንም። ከተዋናዮቹ የማይዘፍን እሱ ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይበልጥ ያስፈራል።

የመጀመሪያው ምሽት መጣ። መቶ ሃያ ወንበር ነው፣ ሞላ። በቀይ ሽብር ዘመን ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። ብዙዎቹ የመጡት በልጆቻቸው ተደግፈው ነው። እሹሩሩው ላይ አዳራሹ ጭጭ አለ። «ልጄ አለ» ላይ «ል» ስትያዝ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት። ከጎን ቆሜ ነበር የማየው፤ እጄ ከመጋረጃው ላይ አልለቅ አለኝ።

የመጨረሻው ትዕይንት። እናትየዋ ነጠላዋን ገለበጠች። ሙሾዋን አወረደች። የመጀመሪያው ስም ቦታ ደረሰ። ቆመች። ማሲንቆው ጠራ። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ማሲንቆው ሊጀምር ሲል ከግራ በኩል አንድ የወንድ ድምፅ ስም ጠራ። ጮክ ብሎ አይደለም። ጎረቤቱን የሚጠራ ነው የሚመስለው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ቀስቱን አነሣ፣ አልነካም። ከኋላ ሌላ ስም መጣ። የሴት ስም ነው። ከዚያ ሌላ። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ተዋናይዋ አፏን ከፍታ ቆማለች፣ አልተንቀሳቀሰችም። እንዲህ ይሆናል ብለን አልተለማመድነውም። ሲያበቃ፣ ማብቃቱን ያወቀው ማሲንቆ ተጫዋቹ ነው፣ ማሲንቆው በጣም ዝቅ ብሎ ገባ። ሃምሳ አምስት ደቂቃው ስልሳ ሁለት ሆነ።

በነገታው ሁለት ምክር ተሰጠኝ። አንዱ፣ ይህ ነገር ጥሩ ስለሆነ ሰው እንዲጠራ ንገሪያቸው የሚል ነው። ሌላው፣ ከሥራው ውጪ ስለሆነ አቁሚው የሚል ነው። ሁለቱንም አልሰማሁም። ለማንም ምንም አላልንም። በሁለተኛው ምሽት ማንም አልጠራም፣ ማሲንቆው ሦስቴ ጠራ፣ አለቀ። ያም ደህና ነበር። በሦስተኛው ምሽት አንዲት ወጣት ልጅ የሴት አያቷን ስም ጠራች። ቀይ ሽብር ሳይሆን ተራ ሞት ይመስለኛል። ለእሱም ቦታ ነበረው።

እናቴን ያመጣኋት በአራተኛው ምሽት ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ስለ ሥራው ከጅምሩ ታውቃለች፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ልምምድ አልመጣችም። ጋሼ በሩ ላይ ተቀበሏትና ክንዷን ይዘው ወንበሯ ድረስ አደረሷት። ሁለቱ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ጋሼ ግን የዚያን ቀን መጨረሻው ረድፍ አልሄዱም፣ ከጎኗ ተቀመጡ። እሹሩሩው ሲጀመር አየኋት። ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቃሉን ሳይሆን ዜማውን ነው፤ ቃሉ የገጣሚው ነው፣ ዜማው ግን ያው ነው። በመጀመሪያው ስም ቦታ እናቴ አቀረቀረች። በሁለተኛው ቀና አለች። በሦስተኛው ተዋናይዋ ስትቆም የወንድሟን ስም ጠራች፣ ሙሉውን፣ ከነአባቷ ስም። ማሲንቆው ዝም አለ። ማንም አልተከተላትም። ለረጅም ጊዜ ያ ስም ብቻ አዳራሹ ውስጥ ቆየ።

በታክሲ ስንመለስ አላወራችም። ፈረንሳይ አደባባይ ጋ ስንደርስ «ካሴቱ አንቺ ጋ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«ስጪኝ።»

«ማጫወቻ እኮ የለሽም። ስልክሽ ላይ ላድርግልሽ።»

«አልሰማውም» አለች። «ልይዘው ነው።»